የሃዋይ ድንጋይ በኮራል ደሴት ላይ፦ የአንዲት መጥረቢያ ምርመራ

ቱአሞቱ ላይ ጥቁር ድንጋይ የለም። በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ሥር ያሉት እነዚህ ወደ 80 የሚጠጉ ደሴቶች ከላይ የሚታየው ነገራቸው ሁሉ ኮራል፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ነጣ ያለ ድንጋይ ነው። ድሮ እሳተ ገሞራዎች ነበሩ። እሳተ ገሞራዎቹ ቀስ እያሉ ወደ ባሕሩ ሰመጡ። በላያቸው ያደገው ኮራል ብቻ እንደ ቀለበት ከውሃው በላይ ቀረ። እዚያ የኖረ ሰው ዛፍ ለመቁረጥና ታንኳ ለመጥረብ ሁለት ምርጫ ነበረው። ወይ ትልልቅ ዛጎል ስሎ ይጠቀማል፣ ወይ ከሌላ ደሴት የመጣ ድንጋይ ያገኛል።

ይህ ለነዋሪው ችግር ነበር። ለተመራማሪ ግን ሲሳይ ነው። ሌላ ቦታ የድንጋይ መሣሪያ ሲገኝ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «የአካባቢው ነው ወይስ ከውጭ የመጣ?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው። ቱአሞቱ ላይ ይህ ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሳም። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሆነ መጥቷል፣ አለቀ። የሚቀረው «ከየት?» ብቻ ነው።

በ2007 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይህን ጥያቄ ወደ ላብራቶሪ ወሰዱት። አንዱ የድንጋይ ኬሚስትሪ ባለሙያው ኬኔት ኮለርሰን ነው። ሌላው አርኪዮሎጂስቱ ማርሻል ዋይዝለር። የመረመሩት 19 የቱአሞቱ የድንጋይ መጥረቢያዎችን ነበር። ውጤታቸው «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ከ19ኙ አንዷ ብዙ አስወራች። እኔም በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የምከተለው እሷን ነው።

ክርክሩ ከየት ተነሳ?

ፖሊኔዥያ ከሃዋይ እስከ ኒው ዚላንድ፣ ከዚያም እስከ ራፓ ኑይ (ኢስተር ደሴት) የተዘረጋ ግዙፍ ሦስት ማዕዘን ነው። አውሮፓውያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲደርሱ በዚህ ሁሉ ውሃ ላይ ዘመዳሞች የሆኑ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሰዎች አገኙ። እንዴት ደረሱ? ይህ ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰላም አልሰጠም።

በ1947 ኖርዌያዊው ተጓዥ ቶር ሄየርዳል ከፔሩ በበልሳ ግንድ ታንኳ ተነስቶ ከ101 ቀን በኋላ ራሮያ ላይ ከኮራሉ ጋር ተጋጨ። ራሮያ ከቱአሞቱ ደሴቶች አንዷ ናት። ሄየርዳል ሰዎቹ ከደቡብ አሜሪካ በሞገድ ተገፍተው መጡ የሚል ሐሳብ ነበረው። ዛሬ ይህን የሚቀበል ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል፣ የቋንቋውም የዘረመሉም ማስረጃ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እስያ አቅጣጫ ነው የሚጠቁመው። በ1956 ደግሞ የኒው ዚላንዱ ታሪክ ጸሐፊ አንድሩ ሻርፕ ተነሳ። ያለ መሣሪያ ረጅም ባሕር ሆን ብሎ ተሻግሮ መመለስ አይቻልም አለ። ሰዎቹ በማዕበል ተወስደው በአጋጣሚ ነው የደረሱት ማለቱ ነው።

መልሱ ከባሕር መጣ። በ1976 ሆኩሌአ የተባለች፣ በጥንቱ አሠራር መሠረት የተሠራች ባለ ሁለት ቀፎ ታንኳ ከሃዋይ ወደ ታሂቲ ተጓዘች። መንገዱን የመራው የሚክሮኔዥያው ማው ፒያይሉግ ነበር። ኮምፓስም ካርታም አልያዘም። ኮከብ፣ የማዕበል አቅጣጫና ወፍ እያየ ነው የሄደው። አንድ ወር ገደማ ከተጓዙ በኋላ መጀመሪያ ያዩት መሬት ማታይቫ ነበር፤ እሷም ከቱአሞቱ ደሴቶች ናት።

ግን ልብ በሉ፣ የሆኩሌአ ጉዞ የሚያሳየው እንደሚቻል ነው። ከመቶዎች ዓመታት በፊት መደረጉን አያሳይም። የሃዋይ አፈ ታሪክ ጉዞው መደረጉን ይናገራል። ወደ ደቡብ ተጉዘው በቱአሞቱ በኩል ታሂቲ ደርሰው ስለተመለሱ ሰዎች ያወራል። አፈ ታሪክን መናቅ አይገባም፤ ለብቻው ሲቆም ግን ተጠራጣሪን አያሳምንም። በእጅ የሚያዝ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ዕቃዎቹ

መጥረቢያዎቹን የሰበሰበው ኬኔት ኤምሪ ነው። ኤምሪ በሆኖሉሉው ቢሾፕ ሙዚየም ይሠራ ነበር፣ በ1930ዎቹ አካባቢ ቱአሞቱን ደሴት በደሴት እየዞረ ብዙ ነገር ሰብስቧል። መጥረቢያ ስል የምናውቀውን ምሳር አታስቡ። ስለቱ እንደ ዶማ ከእጀታው አግድም ይታሰራል። እንጨት ለመላግና ታንኳ ለመቦርቦር የሚመች መሣሪያ ነው።

ዕቃዎቹ ለሰባት አሥርተ ዓመታት ያህል ሙዚየም ውስጥ ተቀመጡ። ብዙ ሰው «ሙዚየም ያከማቸው አሮጌ ድንጋይ ምን ይሠራል?» ይላል። ይኸው፣ ይህን ይሠራል። ኤምሪ ሲሰበስባቸው በዛሬው መንገድ የሚመረምራቸው መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም።

ላብራቶሪው ምን ያያል?

ባዛልት ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ድንጋይ ነው። በዓይን ሲታይ የፓስፊክ ባዛልት ያው ባዛልት ነው። ጥቁር፣ ደቃቅ፣ ከባድ። ድንጋዩን እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር አሳስቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ትንሽ ይረዳል፤ የማዕድኖቹ ዓይነትና አደራደር ይታያል። ግን ሰሪዎቹ የሚመርጡት ደቃቁን ድንጋይ ስለነበር፣ በማይክሮስኮፕም ቢሆን የአንዱ ደሴት ከሌላው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ወደ ኬሚስትሪ መሄድ የግድ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ በድንጋዩ ውስጥ በጣም በጥቂቱ የሚገኙ ንጥረ ነገሮችን መቁጠር ነው። ኒዮቢየም፣ ዚርኮኒየም፣ ሩቢዲየም፣ ስትሮንቲየም የመሳሰሉት። መጠናቸው ከሚሊዮን ውስጥ ጥቂት እጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከመሬት ሥር ያለ አለት ሲቀልጥ እነዚህ ንጥረ ነገሮች እኩል አይወጡም። አንዳንዱ ቶሎ ወደ ቅልጡ ይገባል፣ አንዳንዱ ጠጣሩ ውስጥ ይቀራል። ምን ያህል ቀለጠ፣ በምን ጥልቀት ቀለጠ የሚለው ሁሉ በቁጥሩ ላይ ምልክት ይተዋል።

ለዚህ ከመሣሪያው ላይ ትንሽ ቁራጭ መቆረጥ አለበት። የአየር ንብረት የነካው ውጫዊው ሽፋን ይነሳል። የቀረው ይፈጫል። እዚህ ጋ አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ። ብዙ ላብራቶሪ ድንጋይ የሚፈጨው ከተንግስተን ካርባይድ በተሠራ መፍጫ ነው። ጠንካራ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ግን ራሱም ትንሽ ትንሽ ይፋቃል። ዱቄቱ ውስጥ ተንግስተን፣ ኮባልትና ታንታለም ይጨምራል። ጥንቃቄ ያልተደረገበት ምርመራ የመፍጫውን ኬሚስትሪ ከደሴቲቱ ኬሚስትሪ ጋር ቀላቅሎ ይዘግባል ማለት ነው። ለዚህ ነው የዚህ ዓይነት ሥራ ሪፖርት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ድንጋዩ በምን ተፈጨ የሚለውን የሆነው። አሰልቺ ዓረፍተ ነገር ናት፣ ግን ብዙ ትናገራለች።

ዱቄቱ በአሲድ ይሟሟል። ከዚያ ከ6,000 ዲግሪ በላይ በጋለ የአርጎን ፕላዝማ ውስጥ ይረጫል። አቶሞቹ ኤሌክትሪክ ተሸክመው ይወጣሉ። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ እንደ ክብደታቸው ለይቶ ይቆጥራቸዋል። የሚለካው ነገር ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ይዘታቸው አስቀድሞ የታወቀ የድንጋይ ዱቄቶች አብረው ይለካሉ። በዓለም ዙሪያ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ፣ በአሜሪካ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት የሚዘጋጀው፣ ራሱ የሃዋይ ባዛልት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ አይሶቶፕ ነው፤ የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የተለያየ አቶሞች ማለት ነው። ይህ የጉዳዩ ልብ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ስትሮንቲየም ብዙ ዓይነት አቶም አለው፤ ክብደታቸው 86 የሆኑ አሉ፣ 87 የሆኑ አሉ። 87ቱ በከፊል የሚመጣው ከሩቢዲየም 87 መበስበስ ነው። ግማሹ እስኪበሰብስ ወደ 49 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ይህ ከጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሳማሪየም ወደ ኒዮዲሚየም፣ ዩራኒየም ወደ እርሳስ የሚለወጡትም በዚሁ መንገድ ነው፣ ፍጥነታቸው ይለያያል እንጂ። ከመሬት ቅርፊት ሥር ያለው ማንትል የሚባለው ክፍል ደግሞ ወጥ አይደለም። የተለያየ ታሪክ ያላቸው ጥጋጥጎች አሉት። በአንዱ ጥግ ዩራኒየም በዝቶ ለቢሊዮን ዓመታት እርሳስ ሲያከማች ቆይቷል። በሌላው ጥግ ተቃራኒው ሆኗል። እሳተ ገሞራ ከየትኛው ጥግ እንደቀዳ የእነዚህ አቶሞች ምጣኔ ይናገራል።

ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው፦ አለቱ ሲቀልጥና ሲረጋ የንጥረ ነገሮቹ መጠን ይለዋወጣል፣ የእነዚህ ከባድ አይሶቶፖች ምጣኔ ግን ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። ሰው ቢጠርበው አይለወጥም። በባሕር ቢጓዝ አይለወጥም። አንድ ሺህ ዓመት አፈር ውስጥ ቢቀመጥም፣ ውስጡ እስካልበሰበሰ ድረስ ያው ነው።

ፓስፊክ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከኦስትራል ደሴቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ቱቡአይ፣ እርሳስ 206 (ክብደቱ 206 የሆነው የእርሳስ አቶም) እጅግ የበዛባቸው ናቸው። ፒትኬርን ደሴት በተቃራኒው ጫፍ ነው። ሃዋይ ራሱ ሁለት ትይዩ የእሳተ ገሞራ መስመሮች አሉት፣ የሁለቱ መስመሮች እርሳስ ይለያያል። አንድ ምጣኔ ብቻ ይዞ መፍረድ ግን ያሳስታል። ለምሳሌ እርሳስ 206ን ብቻ ካየን አንዳንድ የሃዋይ እሳተ ገሞራዎች ከፒትኬርን ጋር ሊቀራረቡ ይችላሉ። ስትሮንቲየሙ፣ ኒዮዲሚየሙና ጥቃቅኖቹ ንጥረ ነገሮች ሲጨመሩ ነው የሚለያዩት።

ብዙ ጊዜ ይህ «የጣት አሻራ» ይባላል። ቃሉ ይስባል፣ ግን ልክ አይደለም። አሻራ አንድን ሰው ብቻ ይጠቁማል። የድንጋይ ኬሚስትሪ የሚሠራው በማስወገድ ነው። «ከዚህ አይደለም፣ ከዚያም አይደለም፣ ከምናውቃቸው ውስጥ የቀረው ይህ ነው» ይላል። ስለዚህ መልሱ ይበልጥ የሚታመነው የምናውቃቸው ደሴቶች ዝርዝር ሲሟላ ነው። ለፓስፊክ ዝርዝሩ የተሟላው ለአርኪዮሎጂ ሲባል እንኳ አልነበረም። ጂኦሎጂስቶች ማንትልን ለማጥናት ለአሥርተ ዓመታት ከደሴት ደሴት ድንጋይ ሲለቅሙ ኖረው ነው። ኮለርሰንና ዋይዝለር የእነሱን ድካም ተጠቀሙበት።

ውጤቱ

መጥረቢያዎቹ ከአንድ ቦታ አልመጡም። ከማርኬሳስ የመጣ አለ። ከሶሳይቲ ደሴቶች፣ ታሂቲ ካለችበት ማለት ነው፣ የመጣ አለ። ከኦስትራልም ከፒትኬርንም። ካርታ ላይ ቢሰመር ቱአሞቱ ከየአቅጣጫው መንገድ የሚገናኝበት መሃል ሆኖ ይወጣል። ለኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ድንጋይ የሌላቸው ሰዎች በዙሪያቸው ካሉት የደሴት ቡድኖች ከአብዛኞቹ ድንጋይ ነበራቸው።

የዜናው ርዕስ የሆነችው ግን ሲ7727 የሚል መለያ ያላት መጥረቢያ ነች። የተገኘችው ከቱአሞቱ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ናፑካ ላይ ነው። ድንጋይዋ ሃዋያይት የሚባል የባዛልት ዘመድ ነው። ስሙን ሰምቶ «በቃ፣ ከሃዋይ ነው» ማለት አይቻልም፣ በዚህ ስም የሚጠራ ድንጋይ በሌሎች ውቅያኖሶችም አለ። ያመለከታቸው ስሙ ሳይሆን ኬሚስትሪው ነው። ጥቃቅኖቹ ንጥረ ነገሮችና አይሶቶፖቹ አንድ ላይ ተደምረው ወደ ካሆኦላዌ ጠቆሙ። ከናፑካ እስከዚያ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ክፍት ባሕር።

ካሆኦላዌ ከስምንቱ ዋና ዋና የሃዋይ ደሴቶች ትንሿ ናት። ፑኡ ሞይዊ የሚባል ትልቅ ጥንታዊ የመጥረቢያ ድንጋይ ማውጫ አላት። በሃዋይ ትውፊት ወደ ደቡብ የሚሄዱ ታንኳዎች የሚነሱት ከዚህችው ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ነው። አፈ ታሪኩ የጠራው ቦታና ላብራቶሪው የጠራው ቦታ ገጠሙ። በነገራችን ላይ ይህችው ደሴት ከ1941 እስከ 1990 የአሜሪካ ጦር የቦምብ መለማመጃ ነበረች። ያ ሁሉ ፍንዳታ ምን ያህል ጥንታዊ ቦታ እንዳበላሸ ማሰብ ያማል።

እስከ የት ድረስ እንመን?

ኮለርሰንና ዋይዝለር ይህ ከጽሑፍ በፊት በነበረው የሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ያለማቋረጥ የተደረገ ረጅሙ የባሕር ጉዞ ነው አሉ። እኔ እዚህ ላይ ትንሽ እቆጠባለሁ። ኬሚስትሪውን አልጠራጠርም። የምጠይቀው ከኬሚስትሪው ውጭ ያለውን ነው።

አንደኛ፣ ማስረጃው አንዲት መጥረቢያ ናት። 18ቱ ስለ አካባቢው ግንኙነት በደንብ ይመሰክራሉ፤ ስለ ሃዋይ የምትመሰክረው ግን እሷ ብቻ ነች።

ሁለተኛ፣ ዕቃው የተቀመጠው ሆኖሉሉ ውስጥ ነው። የሃዋይ ድንጋይ፣ በሃዋይ ሙዚየም። ተጠራጣሪ ሰው «መለያው ተሳስቶስ ቢሆን?» ብሎ ቢጠይቅ ክፋት የለውም። ኤምሪ በጥንቃቄው የታወቀ ሰው ነበር፣ ስህተት ነበር የሚያሰኝም ምንም የለም። ቢሆንም ጥያቄው በማስ ስፔክትሮሜትር አይመለስም። መልሱ ያለው በማስታወሻ ደብተርና በመዝገብ ነው። ማንም ላብራቶሪ ከመግባቱ በፊት መዝገቡን ማገላበጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ከበድ ይላል፦ መቼ? ላብራቶሪው የሚነግረን የድንጋዩን መነሻ ነው። እሳተ ገሞራው መቼ እንደፈነዳም ሊነግረን ይችላል። ሰው መቼ እንደጠረበው፣ መቼ እንደጫነው አይነግረንም። መጥረቢያዋ በቁፋሮ፣ ዕድሜው ከታወቀ አፈር አልወጣችም። ታዲያ አውሮፓውያን ከመጡ በኋላ በእነሱ መርከብ ተጭና ቢሆንስ? ይህን ብዙ አላምንበትም። ብረት ከገባ በኋላ የድንጋይ መጥረቢያ የሚፈልግ አልነበረም። ናፑካም ለመርከብ የምትመች አይደለችም። እንግሊዛዊው ጆን ባይረን በ1765 ደርሶባት መልህቅ መጣያ ቢያጣ፣ እሷንና ጎረቤቷን የብስጭት ደሴቶች ብሎ ሰይሟቸው ሄዷል። ቢሆንም «አላምንበትም» እና «አይቻልም» ይለያያሉ።

አራተኛው፣ ማን አመጣው? ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ሊሄድ ይችላል። አንድ ሰው ከደሴት ወደ ደሴት፣ ሌላው ከዚያ ወደ ቀጣዩ። በአብዛኛው የዓለም ክፍል የረጅም ርቀት ድንጋይ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው ይህ ነው። እዚህ ግን መልክዓ ምድሩ ለተመራማሪዎቹ ያደላል። ከሃዋይ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚቀባበል ሕዝብ የሚኖርባቸው ደሴቶች ጥቂትና ራቅ ራቅ ያሉ ናቸው። ቢያንስ አንድ ረጅም የባሕር ክፍል ሳይቆም በአንድ ታንኳ የተሄደ መሆን አለበት። ድንጋዩ ሲነሳ የተጠረበ መጥረቢያ ይሁን፣ ወይም ታንኳ ማረጋጊያ ክብደት ሆኖ የተጫነና ከደረሰ በኋላ የተጠረበ፣ ያ ግን ለክርክር ክፍት ነው። ለጉዞው መኖር ለውጥ አያመጣም። ለንግድ መኖር ግን ብዙ ለውጥ አለው። ጥቂት ማረጋጊያ ድንጋይ ንግድ አይባልም።

ለዚህ ነው የዚህ ጥናት ትልቁ ብልሃት መሣሪያው ሳይሆን የቦታው ምርጫ ነው የምለው። ይኸው ላብራቶሪ፣ ይኸው አሲድ፣ ይኸው ማሽን ባለ እሳተ ገሞራ ደሴት ላይ የተገኙ መጥረቢያዎችን ቢመረምር ኖሮ ግማሹ ጉልበት «የአካባቢው ነው» በሚል መልስ ያልቅ ነበር። የቀረውም «ካላየነው የደሴቲቱ ጥግ ሊሆን ይችላል» በሚል ክርክር ይታሰራል። ኮራል ላይ ይህ ማምለጫ የለም።

የ«መቼ» ጥያቄ በሌላ ደሴት

ዋይዝለር ጥያቄውን አልተወውም። በ2016 ከአርኪዮሎጂስቱ ፓትሪክ ኪርችና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሌላ ጥናት አወጣ። ይህኛው በኩክ ደሴቶች፣ ማንጋያ ላይ ካለ ታንጋታታው ከተባለ የዋሻ መጠለያ የተገኙ የድንጋይ መሣሪያዎችን ነው የመረመረው። ልዩነቱ እነዚህ በሥርዓት ከተቆፈረ፣ ንብርብሩ ከተመዘገበና በራዲዮካርቦን ዕድሜው ከተለካ አፈር መውጣታቸው ነው። ከኦስትራል፣ ከሳሞአና ከማርኬሳስ የመጡ ድንጋዮች ተገኙ። ማርኬሳስ ከዚያ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ንብርብሮቹ ደግሞ ግንኙነቱ ከ1300 አካባቢ ጀምሮ እስከ 1600ዎቹ መቆየቱን አሳዩ።

ለሃዋይና ለቱአሞቱ የሚጎድለው ይህ ነው። ያማረ ሙሉ መጥረቢያ አያስፈልግም። መጥረቢያ ሲጠረብ ወይም እንደገና ሲሳል የሚረግፍ ስንጣሪ ይበቃል፤ ስንጣሪ ሰብሳቢም ሻጭም ስለማይመኘው ከወደቀበት ብዙ አይርቅም። ከቱአሞቱ አንድ ደሴት፣ ከሰል ካለበትና ዕድሜው ከሚለካ ንብርብር፣ የካሆኦላዌ ኬሚስትሪ ያለው ጥቂት ስንጣሪ ቢወጣ የመለያውም የዘመኑም ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ለምርመራው የሚያስፈልገው ጥቂት መቶ ሚሊግራም ዱቄት ነው። ስንጣሪ ሲሆን ደግሞ ለመቁረጥ የሙዚየሙን ፈቃድ ማግኘት በጣም ይቀላል።